የሽንኩርት ገለፈት ቀቅላ የምትጠጣ እናት አለችኝ፤ ልከልክላት ወይስ አብሬ ልጠጣ?

ዓባይ ማዶ ጓዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ውስጥ አራት ጠረጴዛ፣ ደጅ ሁለት። ጠዋት ፍርፍርና ስልስ፣ ምሳ ላይ ዓሣ ጉላሽና የዓሣ ጥብስ፣ በጾም ደግሞ ሽሮና አትክልት። ሽንኩርት ብቻ በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይላጣል። ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ ሲጨመርበት ማታ ማታ አንድ ማዳበሪያ ልጣጭ ከጓዳ ይወጣል። እሱን ጎረቤቴ ለበጎቿና ለላሟ ትወስድልኛለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ «እግዜር ይስጥሽ» እላታለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛዬ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚማር ነው፣ ሒሳብ ሊከፍል ወደ ጓዳ ብቅ ሲል ማዳበሪያውን አየና «እትዬ፣ ዋናውን ጥለሽ ትራፊውን ነው እንዴ የምታበይን?» አለኝ። ልጣጩ ውስጥ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለካንሰር የሚሆን ነገር ሞልቷል ብሎ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እኔ ሳቅሁና መልሱን ሰጥቼ ሸኘሁት። እማዬ ግን ጥግ ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። የእማዬ ጆሮ የማይሰማው የለም።

በሦስተኛው ቀን ከሰል ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ አገኘሁ። ሻይ መስሎኝ ቀዳሁ። ቀለሙ ቁርጥ ቀይ ሻይ ነው። አንዴ ፉት ስለው ግን ያልበሰለ ሙዝ የነከስኩ ይመስል ምላሴ ጭምድድ አለ። «ምንድን ነው ይሄ?» ስላት «የሽንኩርት ገለፈት ነዋ፤ ልጁ ያለው» አለችኝ።

እስቲ ትጠጣ፣ ምን ትሆናለች ብዬ ተውኳት። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። እማዬ ግፊት ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ኪኒኗን በየቀኑ ነው የምትወስደው። ባለፈው እሑድ አልጋዋን ሳነጥፍ ኪኒኑን ቆጠርኩት። ዘጠኝ ፍሬ ተርፏል። ቀኑን ወደ ኋላ ብቆጥር ማንቆርቆሪያው ከተጣደበት ቀን ጀምሮ አልዋጠችም ማለት ነው። ስጠይቃት «አንድ መድኃኒት ይበቃል፤ ሁለት ምን ይሠራል?» አለች።

የእኔም ጥፋት አለ። የልጁ ወሬ ውስጤ ገብቶ ኖሮ ለቤት ድንች አልጫ ከነልጣጩ ሠራሁ። ድንቹ ከቅዳሜ ገበያ ከተገዛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጓዳው ስለጠበበኝ ደጅ፣ መስኮቱ ሥር ነበር ያስቀመጥኩት። አንዳንዱ ጎኑ አረንጓዴ ብሏል፣ ማጎንቆልም ጀምሯል። ታጥቧል፣ ምን ይሆናል አልኩ። አልጫው መረረ፣ ጉሮሮም ያቃጥላል። እኔ ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ተውኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ግን ርቦት ስለነበር ሳህኑን ጠረገው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ። አሁን ደህና ነው፤ እኔ ግን ድንች ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

እንግዲህ የምታውቁ ንገሩኝ። እውነት ልጣጭ ውስጥ ምን አለ? የትኛው ይበላል፣ የትኛው ይጣላል? እማዬንስ ምን ብዬ ላሳምናት?


ዘጌ ዳር

እታለም፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ስደርስ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ይቅርታ። ልጅሽን እንኳን እግዜር አተረፈልሽ። የእኔ የልጣጭ ዕውቀት ሎሚ ብቻ ነው። ዓሣ ያጸዳሁበትን እጄን በተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ ካላሸሁት ሳሙና ብቻውን ሽታውን አያስለቅቅልኝም። ለመጠጣቱ የሚያውቁት ይምጡ። እኔም ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።


የፖሊ ምሩቅ

እትዬ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ምግብ ኢንጂነሪንግ ነው የተማርኩት። የፔዳው ልጅ አልዋሸም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ።

ተክል ልጣጩን የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። ፀሐይ የሚያርፈው፣ ሻጋታ የሚጀምረው፣ ተባይ የሚነክሰው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መከላከያውን ቆዳው ላይ ያከማቻል። ፖሊፌኖል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች አብዛኛው ሥራቸው ይኸው ነው። ምላስሽን ጭምድድ ያደረጉትም እነሱ ናቸው።

ሽንኩርት ላይ ስሙ የገነነው ኩዌርሴቲን ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ በገባሽ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል። ደረቁ ገለፈት ከመሐሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቀዩ ሽንኩርት ቀለም ደግሞ አንቶሲያኒን ነው። የድንች ልጣጭ ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ አለ፤ ቡናችን ውስጥም ያለው ነው። ቀይ ሥር ላይ እጅሽን የሚያቀላው ቤታላይን ነው፣ ልጣጩም ላይ ሞልቷል። ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን ከሥጋው ይልቅ ቆዳው ላይ ይከማቻል። ለስልስ ቲማቲም በፈላ ውሃ እያስነከርሽ ቆዳውን የምትገፍፊ ከሆነ እሱን ተዪው። ላይኮፒን የሚሟሟው በዘይት ነው፤ ሲበስልና ዘይት ሲያገኝ ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ስልስ ማለት ደግሞ በዘይት የበሰለ ቲማቲም አይደል? ቆዳው ጥርስ ላይ እንዳያስቸግር ደቀቅ አድርገሽ ክተፊው።

አሁን ወደ እናትሽ ማንቆርቆሪያ። ይሄ ነገር በሰው ላይ ተሞክሯል። ጀርመን አገር ቦን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክብደታቸው የጨመረና ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ ወይም ግፊት ያለባቸው 70 ሰዎችን ወስደው፣ ከሽንኩርት ገለፈት የተጨመቀ ኩዌርሴቲን በቀን 162 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት ሰጧቸው። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ ግፊታቸው አልተለወጠም። ግፊት ያለባቸው ለብቻ ሲታዩ ግን የላይኛው ቁጥር በ3.6 ወረደ። ደስ ይላል፤ ነገር የለውም አይባልም። ግን 160 ላይ ያለ ሰው 3.6 ቢቀነስለት የት ይደርሳል? ያውም እነሱ የወሰዱት የተመጠነ ነው። ደረቁ ገለፈት ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን ደግሞ ውሃ ላይ እንደልብ የሚሟሟ አይደለም። ማንቆርቆሪያው ቀላ ማለት መድኃኒቱ ወጣ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ስለ ሙያሽ ልንገርሽ። ብዙ ሰው ሽንኩርት ሲልጥ ቸኩሎ ከገለፈቱ ጋር አንድ ወይም ሁለት ሥጋ ያለው ንጣፍ ገፎ ይጥላል። ኩዌርሴቲን ከሚበላው ክፍል ውስጥ የበለጠ ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጆቹ ገለፈቱን ብቻ በቀስታ እንዲያነሱ አድርጊ። ከደረቁ ገለፈት በተለየ፣ ሥጋው ሲቀቀል ከኩዌርሴቲኑ ከፊሉ ወደ ውሃው ይወጣል። ወጥ ደግሞ ውሃው የማይደፋ ምግብ ነው። ቁሌትሽ ውስጥ የገባው አብዛኛው እንጀራው ላይ ይደርሳል።


ከፎገራ

እኔስ የማውቀውን ልናገር። ፎገራ ላይ ሽንኩርት አመርታለሁ። ሩዙ ሲነሣ መሬቱን ለሽንኩርት እናዘጋጃለን፣ ከጉማራ ወንዝ በሞተር ስበን እናጠጣለን። ባሕር ዳር ከምትልጡት ውስጥ የእኔ እጅ ያለበት አይጠፋም።

ሽንኩርት ላይ ትሪፕስ የምትባል ተባይ አለች። በዓይን ለማየት ታስቸግራለች፤ ቅጠሉ መጋጠሚያ ውስጥ ትሸሸጋለች። ለእሷ ኬሚካል እንረጫለን። እውነቱን ልናገር፣ ባለሙያ ከነገረን በላይ የምንረጭበት ጊዜ አለ። ምን ይደረግ፣ አንድ ሳምንት ከዘገየን ማሳው ይነጣል። ያ ርጭት የሚወርደው ወዴት ነው? ቅጠሉን ይዞ ወደ አንገቱ ነው፤ ከዚያም ገለፈቱን ያገኘዋል። ከዚያ ነቅለን መሬት ላይ እናደርቀዋለን፣ በጆንያ ተጭኖ አቧራውን እየጠጣ እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

ሌላም አለ። ገለፈቱን ስታነሺው ሥሩ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ካየሽ እሱ ሻጋታ ነው። ክረምት ላይ በተለይ አይጠፋም። ያንን ቀቅሎ መጠጣት አይሆንም።

እኛ ቤት ገለፈቱን ማንም አይቀቅልም። አምራቹ የማይጠጣውን ነገር እናትሽ ባይጠጡት ደስ ይለኛል።


ዓባይ ማዶ ጓዳ

ወይ ጉዴ! ወንድሜ፣ እውነቱን ስለነገርከን እግዜር ይስጥልኝ፤ ስንቱ ደብቆ ይሸጥልናል። ጥቁሩን ዱቄት እኔም አየዋለሁ። አፈር ነው እያልኩ በጨርቅ እጠርገው ነበር።

ግን ልጣጩ ላይ ያለው ኬሚካል በውሃ ይለቃል? ድንቹንስ ማን ያስረዳኝ?


የፖሊ ምሩቅ

የላይ የላዩ ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ከመተው ይልቅ በሚፈስ ውሃ ሥር በእጅ ማሸት ይሻላል። ሳሙና አትጠቀሚ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 በፖም ላይ ሞክረውት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ቆዳው ላይ የነበሩትን ሁለት ኬሚካሎች ከንጹሕ ውሃ በተሻለ አስለቅቋል። ወደ ውስጥ የገባውን ግን አላወጣውም። ለካሮትና ለድንች ብሩሽ ግዢ። ካሮት በደንብ ከተፈተገ መላጡም አያስፈልገውም። ገለፈትን ግን እንዴት ትፈትጊዋለሽ? ወንድማችን ያለው ልክ ነው።


የድንች ሰው (አዴት)

እህቴ፣ ከድንች ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የልጅሽን ነገር ሳነብ ወዲያው ገባኝ። ልጣጭ ስለሆነ አይደለም የታመመው። አረንጓዴ ልጣጭ ስለሆነ ነው።

ድንች ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል ነው፣ ጎመን ውስጥ ያለው፤ ምንም አያደርግም። ችግሩ ያው ብርሃን ሶላኒን የሚባለውንና ዘመዶቹን አብሮ ማብዛቱ ነው። አረንጓዴው ምልክት ነው በይው። ሶላኒን በብዛት የሚቀመጠው ልጣጩ ላይና ከሥሩ ባለው ስስ ንጣፍ፣ እንዲሁም በጉንቁሉ ዙሪያ ነው። በአንድ ኪሎ ድንች ከ200 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም ይባላል። ጥሩ ድንች ከዚያ በታች ነው። ምሬትና የጉሮሮ ማቃጠል ካለ ግን ብዙ አለ ማለት ነው። መቀቀልም አያጠፋውም።

እንግሊዝ አገር 78 ተማሪዎች ትምህርት ቤት የተሰጣቸውን ድንች በልተው በአንድ ጊዜ ታመዋል። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በሕክምና መጽሔት የወጣው በ1979። ድንቹ ከክረምት ዕረፍት በፊት ጀምሮ የተቀመጠ ነበር። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት። ማስመለሱ ከልጅሽ ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ ድንችሽን ጨለማና ነፋሻ ቦታ አስቀምጪው፤ ጆንያም ቢሆን አልብሺው። ገበያ ላይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለውን አትግዢ፣ ሥር ካለው ከረጢት አውጡልኝ በያቸው። ትንሽ ጎኑ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ወፈር አድርገሽ ቆርጠሽ ጣዪ። አብዛኛው ከሆነ ሙሉውን። ከመረረ ደግሞ ማንም ይብላው ማን፣ ይደፋ።

አዲስ፣ ጠንካራና ንጹሕ ድንች ከሆነ ከነልጣጩ መቀቀል ጥሩ ነው። ቫይታሚን ሲው እንደተላጠውና እንደተቆረጠው ወደ ውሃው አይሸሽም። መካከለኛ ድንች ከነልጣጩ ወደ 4 ግራም ፋይበር አለው፣ ሲላጥ ከ2 ብዙም አይዘልም። ግን «ጥቅሙ ሁሉ ልጣጩ ላይ ነው» የሚባለውን አትስሚ። አብዛኛው ቫይታሚን ሲና ፖታሲየም ሥጋው ውስጥ ነው፤ ልጣጩ እኮ ስስ ናት።


ነርሷ

ሁሉም ጥሩ ብለዋል፤ እኔ ወደ ኪኒኑ ልመለስ። እህቴ፣ ይሄን ስታነቢ እናትሽ ዛሬ ካልዋጡ ነገ አትበዪ።

ግፊት አያምም። ለዚህ ነው ሰው ተሻለኝ ብሎ የሚያቆመው። በየቀኑ የማየው ነው። አንዱ ጤና አዳም፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ሞሪንጋ ይላል። እየጠጡ ኪኒናቸውንም ቢውጡ ግድ የለኝም ነበር። ያቆማሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው በባጃጅ ተጭነው ይመጣሉ። ያን ጊዜ «እንዲህ የሚጠጣ ነገር ነበር» ይባላል።

«ገለፈቱ ምንም አይሠራም» ብለሽ አትከራከሪያቸው። ልጁ ያሳመናቸውን አንቺ በክርክር አታስጥያቸውም። መሣሪያ ያለበት ቦታ ውሰጃቸውና ይለኩ። ቁጥሩን ራሳቸው ይስሙት። ዘጠኝ ቀን ዘለውታልና የተረፈውን ደርበው እንዳይውጡ፤ እንዴት እንደሚቀጥሉ እዚያው ይነገራቸዋል።

ሌላ ሁለት ነገር። ኩላሊታቸውን ለሚታመሙና ፖታሲየም ቀንሱ ለተባሉ ደንበኞች ድንች ከነልጣጩ አይሆንም። ለእነሱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል። እንደ ሻይ የሚያጣብቅ ነገር ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከሽሮና ከጎመን የሚገኘውን አይረን ይይዘዋል። ነፍሰ ጡር እህቶች ይሄን ልብ በሉ።


የከብት ሐኪም ተማሪ

ማንም ያላነሣው አለ፤ የጎረቤትሽ ላም! ሽንኩርት በብዛት ሲሆን የከብት ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ውሻም እንደዚሁ ነው። በግ በተሻለ ይችለዋል። በቀን የ10 ኪሎ ሽንኩርት ገለፈትና ቁርጥራጭ ለአንድ ላም መስጠት አይገባም። ሽንትዋ ቡና ከመሰለ ጉዳዩ ከባድ ነው። የሽንኩርቱን ለብቻ ለዪና ወደ ብስባሽ ጉድጓድ፤ የካሮቱን፣ የቀይ ሥሩን፣ የጥቅል ጎመኑን ለላሟ። አረንጓዴ ድንች ለእሷም አይሆናትም።


ዓባይ ማዶ ጓዳ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ውጤቱን ልንገራችሁ።

እማዬን በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ አኮረፈችኝ። ለኪያዋ ልጅ መሣሪያውን ሁለቴ ነፋችው፤ 174 አለች። እማዬ «ከስንት?» አለች። «ከ140 በታች ነበር መሆን ያለበት፣ እማማ» አለቻት። እማዬ ዝም። እኔን አላየችኝም። ቤት እንደገባን ማንቆርቆሪያውን ራሷ አንሥታ ደፋችው፤ ኪኒኗን በሻይ ዋጠች። ባለፈው ሐሙስ 148 ገብቷል። አሁን ኪኒኑን በርጩማዋ አጠገብ፣ ነጭ ሽንኩርት በምታስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ አድርገነዋል። ስትልጥ ታየዋለች።

ለጎረቤቴም ነገርኳት። ላሟ ደህና ናት፣ ግን «ለካ ለዚህ ነው ወተቷ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚለው!» ብላ ጮኸች። ሁለት ማዳበሪያ ይዛ መጣች፣ አንዱ ላይ በከሰል መስቀል አደረገችበት፤ የሽንኩርቱ የእሱ ነው። ጓሮዋ ጉድጓድ ቆፍራለች።

ጓዳ ውስጥ የቀየርኩት ብዙ አይደለም። ሽንኩርት የሚልጡት ልጆች ንጣፉን እንዳይገፉ አጠገባቸው ቆሜ አሳየኋቸው። ለ10 ኪሎ አንድ ድስት ሙሉ የሚበላ ነገር ስንጥል ነበር የኖርነው፤ አሁን ሥራው ትንሽ ዘገየ እንጂ ሽንኩርቱ ይበረክታል። ለእኔ ከኩዌርሴቲኑ ይልቅ እሱ ነው ደስ ያለኝ። ቲማቲሙን ከነቆዳው መክተፍ ጀምሬያለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። ድንቹ አልጋ ሥር ነው፣ በጆንያ ተሸፍኖ።

የፔዳው ልጅ ትናንት መጣ። ለእሱ ብዬ አዲስ ድንች መርጬ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ ከነልጣጩ ቀቅዬ ከአዋዜ ጋር አቀረብኩለት። ሳህኑን ላነሣ ስሄድ ልጣጩን አንድ በአንድ ገፍፎ ጠርዙ ላይ ደርድሮታል።